የክኒኑ ሌላው ግማሽ

መስከረም 20

ለጭራሮዬ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ቤትሽ ሰላም፣ ጉልበትሽም ሙሉ ሆኖ ያግኝሽ። እኔን ለጠየቅሽኝ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ፣ የስፌት መኪናዬንም ሳላቆም አለሁ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

መታመሜን ከእናትሽ እንደሰማሽ ደርሶኛል። ለማንም እንዳትነግሪ ብያት ነበር። ለእናትሽ ምስጢር መንገር በድምፅ ማጉያ ከመልቀቅ አይለይም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ካወቅሽ አይቀር ከራሴ ስሚው። በግራ ጡቴ ላይ የካፖርት ቁልፍ የሚያክል እብጠት ተገኘ። ስሙን አልጽፈውም፣ ታውቂዋለሽ። ሐኪሙ መጀመሪያ በመድኃኒት እናሳንሰው፣ ከዚያ በቀዶ ጥገና ይወጣል ብሏል። ልቤ ደከም ያለ ስለሆነ ከባዱን ትቶ የሚስማማኝን ኬሞ መረጠልኝ። በየወሩ ሆስፒታል ሄጄ በደም ሥሬ የሚሰጡኝ አለ፤ የቀረው ቤት ወስጄ የምውጠው ክኒን ነው። ስሙን ከማሸጊያው ላይ ገልብጬ በወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ።

መጠኑን እንዴት እንዳወጣው ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ቁመቴንና ክብደቴን ለካ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬ አሁን ተራው የኔ ሆነና «ዶክተር፣ ለገበሩ ጨመር አድርጉበት እንጂ» አልኩት። ልጅ እግር ነው፤ ነርሷ ስትስቅ ነው የገባው።

ሱቁ እንደነበረ ነው። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ማዶ አውቶቡስ ማቆሚያው። የተሰነጠቀው መስታወት አልተቀየረም፤ ደንበኛ ሁሉ ራሱን ለማየት አንገቱን እንዳጣመመ ነው። ከትምህርት ቤት መጥተሽ የምትተኚበት የመቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ዛሬም ቁራጭ ጨርቅ ይከመራል። አንዳንዴ እግሬን ስዘረጋ እንዳልረግጥሽ እጠነቀቃለሁ። ሰው «ምንሽ ናት?» ሲለኝ «የአክስቴ ልጅ ልጅ» ብዬ ሳልጨርስ ይሰለቻል፤ ልጄ ናት ብል ይቀለኝ ነበር።

የሥራ ጓደኛዬ ቁልፌ ሰላም ብላሻለች። ያው ከጎኔ ተቀምጣ የሸሚዙንም የኮቱንም የቁልፍ ቀዳዳ ትሠራለች፤ ዓይኗ ደከመ እንጂ እጇ አልተለወጠም።

ገንዘብ ልላክ ወይ ብለሽ ለእናትሽ የጻፍሽውን ተይው። ለወፍራም ጨርቅ የሚሆን የመኪና መርፌ እዚህ ጠፍቷል፤ እሱን ላኪልኝ። ሌላው ደግሞ፣ እዚያ የምትሠሪው በትክክል ምንድን ነው? ሕዋስ ታረባለች ይሉኛል፤ እኔ ከብት መስሎኝ ነበር። ያንን ጻፊልኝ። ስልክ ግን አትደውዪ፤ ከስንት ዓመት የመኪና ጩኸት በኋላ ጆሮዬ የስልክ ድምፅ አይለይም።

እትዬሽ


ጥቅምት 14

ለውድ እትዬ፤

ከምጽፈው ሁሉ በፊት የእርስዎ ጤና ይቅደም። እጅዎ ከመቀስዎ፣ ሳቅዎም ከሱቁ አይለይ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፤ እርስዎ የሰፉልኝን ካፖርት አውጥቼ ለብሻለሁ፤ ሰው የት ገዛሽው ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ «አይሸጥም» እላለሁ።

መርፌዎቹን በዚሁ ፖስታ ልኬያለሁ። መታመምዎን ከሁሉ ኋላ የሰማሁት እኔ መሆኔ ከንክኖኛል፤ ግን አልከስዎትም፤ ጽፈውልኛልና።

ሥራዬን ጠይቀውኛል። ክፍላችን ከመሬት በታች ነው። ብቸኛው መስኮት ከመኪና ማቆሚያው ጋር እኩል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የማየው ጎማና የሰው ጫማ ነው። ሕዋሳቱን የማኖርበት ሣጥን የሰው ገላ ያህል ይሞቃል። ምግባቸውን እቀይራለሁ፣ በማይክሮስኮፕ አያቸዋለሁ፣ የሞተውን ካለው እለያለሁ። እርባታ ያሉት ልክ ነው፤ የቀረው ማለብ ብቻ ነው።

የምናጠናው ኬሞ በነጭ የደም ሕዋሳት ንግግር ላይ ምን እንደሚያደርግ ነው። ንግግር ስል አፍ አላቸው ማለቴ አይደለም። አንዱ ጥቃቅን ኬሚካል ይለቅቃል፣ ሌላው በገላው ላይ ባለ መቀበያ ይይዘዋል። እንዲህ እያደረጉ «ጠላት አለ፣ ና»፣ «ተባዛ»፣ «ይበቃል፣ ተው» ይባባላሉ። ከመካከላቸው ሥራቸው ሌሎቹን ዝም ማሰኘት የሆነ አሉ። ክፉዎች አይደሉም፤ እነሱ ባይኖሩ ዘቦቻችን የሆኑት ሌሎቹ ነጭ ሕዋሳት የገዛ ሰውነታችንን ያጠቁት ነበር። እንደ እርስዎ እብጠት ያለ ዕጢ ግን ተንኮለኛ ነው። እነዚህን ዝም አሰኚዎች ዙሪያውን ይሰበስብና በነሱ ተከልሎ ያድጋል።

ወይዘሮ ፀጥታ ትዝ ይሉዎታል? የራስዎን ሱቅ ሳይከፍቱ፣ ከእትዬ ቁልፌ ጋር ተቀጥረው የሠሩበት የትልቁ ስፌት ቤት አለቃ። እውነተኛ ስማቸውን ዛሬም አላውቀውም። በሩ ላይ ሲቆሙ ከመኪናዎቹ በቀር ትንፍሽ የሚል አልነበረም። ለጉዳይ ወጣ ሲሉ ግን እትዬ ቁልፌ ዘፈን ይጀምራሉ፣ እርስዎ ይቀበላሉ፣ ካውያ የምትተኩሰዋ ሳትቀር ትጨምርበታለች፤ ሥራውም ይፈጥን ነበር እንጂ አይዘገይም። እኔ እዚያም ጠረጴዛ ሥር ተኝቼ ከቀኑ ሁሉ የምወደው ያቺን ሰዓት ነበር። የትኩስ ካውያና የመኪና ዘይት ሽታ ዛሬም ድንገት ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ ይሸተኛል፣ እናም ልቤ ይባባል።

ባለፈው ሳምንት ሕዋሳቱን በማረባበት ሳህኔ ላይ ያየሁት ያንኑ ሰዓት ነው። እርስዎ የሚወስዱትን መድኃኒት በጣም ትንሽ አድርገን ስንጨምር፣ ከሁሉ ቀድመው የሞቱት ዝም አሰኚዎቹ ሆኑ። ሌሎቹ ነቁ፤ መልእክት መላላክ ጀመሩ። ብዙ ስንጨምር ግን ሁሉም ይሞታሉ። እትዬ፣ ትንሹ ከብዙው በለጠ! ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ በኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ይኸው ለእርስዎ ነገርኩ።

እንዴት እንደሚበሉ፣ እንዴት እንደሚተኙ፣ የደም ምርመራዎ ምን እንዳለ ይጻፉልኝ።

ጭራሮ


ኅዳር 9

ለጭራሮዬ፤

የላክሽው ደረሰ፤ እጅሽ ይባረክ፣ የሳህንሽም ነገር ይስመርልሽ። እኛ ደህና ነን።

ደብዳቤሽን ለቁልፌ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ወይዘሮ ፀጥታ ጋ ስደርስ መርፌዋን አስቀመጠች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ያንኑ ዘፈን ጀመረችና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጠፋባት። እኔም ጠፋብኝ። ሁለት አሮጊቶች መንገድ ላይ የቀረ ዘፈን ይዘን ተፋጠን ቀረን። አንድ ደንበኛ ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ጠብቆናል።

ደሜን መርምረው ነጩ ሕዋስ ከፍ ብሏል አሉኝ። ባለፈው ወር በጣም ወርዶ ስለነበር ሐኪሙ ራሱ ተገረመ። ማቅለሽለሹም ቀለል ብሎኛል፤ ከሰዓት በኋላ ጭምር መስፋት ጀምሬያለሁ። ልኬን አገኘሁ መሰለኝ። ክብደቴ ስለቀነሰ ቀሚሶቼን በሙሉ አጠበብኳቸው። ሰው ሲከሳ የሚበቃው ጨርቅም ያንሳል፤ በዚህ ከኔ በላይ አዋቂ የለም።

ቁልፌም የኔው ዓይነት እብጠት አግኝተውባታል። ምርመራዋን ገና አልጨረሰችም፣ ወረፋዋ ለመጋቢት ነው። አይዞሽ ስላት «ምን አጣደፈኝ» ትለኛለች። የሷ ነገር ሆድ ይፍጀው።

አንቺ በርቺ። እኔ ምንም አልጎደለኝም፤ ምንም አትላኪ።

እትዬሽ


ኅዳር 30

ለውድ እትዬ፤

ሰላምዎ ይብዛ። የእትዬ ቁልፌን ነገር አነበብኩ፤ ፈጣሪ ለሁለታችሁም ይድረስላችሁ። ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ሁለተኛውን ስንኝ እኔም ብዙ ፈለግሁት፣ ጠረጴዛ ሥር የሰማሁት ዜማው ብቻ ነው መሰለኝ።

እትዬ፣ ደብዳቤዎን ሦስት አራት ጊዜ አነበብኩት። ደስ የሚል ደብዳቤ ነው፤ ግን ደስ አላለኝም። በዚህ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ነጭ ሕዋሱ ድንገት ሲያንሰራራ፣ ማቅለሽለሹም አብሮ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ክኒኑን ሐኪሙ ባለው መጠን እየዋጡት ነው? «ልኬን አገኘሁ» ያሉት ምን ማለትዎ ነው?

ደግሞ ምንም አልጠየቁኝም። እርስዎ መርፌ ካልሆነ ክር፣ ክር ካልሆነ ወሬ ሳይጠይቁኝ ደብዳቤ ዘግተው አያውቁም። ልጅ ሳለሁ አንድ ነገር ሲደብቁኝ ነበር «ምንም አልጎደለኝም» የሚሉት።

እባክዎ ለጥያቄዬ ብቻ ይመልሱልኝ። ሌላው ይቆይ።

ጭራሮ


ጥር 12

ለውድ እትዬ፤

ጤና ይስጥዎት። ከኅዳር ወዲህ ደብዳቤዎ አልመጣም። ፖስታ ቤቱ ይዘገያል እላለሁ፤ ከእናቴ የሚመጣው ግን ይደርሳል። እሷም «ደህና ናት፣ ትሰፋለች» ከማለት በቀር አትነግረኝም። እናቴ ዝም ስትል ደግሞ ይታይዎት።

በየጠዋቱ የፖስታ ሣጥኑን ከፍቼ እዘጋለሁ። አንድ መስመር ይበቃኛል።

ጭራሮ


የካቲት 1

ለጭራሮዬ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። የዘገየሁት ፖስታ ቤቱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ስጀምር ስተወው፣ ስጀምር ስተወው ወራት ሄዱ።

ልንገርሽ። ያ የሳህኑ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ማግስት ጀምሮ ክኒኑን በትንሿ መቀሴ ለሁለት እየከፈልኩ ግማሹን ነው የምውጠው። ትንሹ ከብዙው በለጠ ብለሻል፤ አንቺ ደግሞ ዋሽተሽ አታውቂም። እኔም አሰብኩት። መጠኑን የለካኝ ወፍራም ሳለሁ ነው፤ ከስቻለሁ፤ ልክ ሲለወጥ ጨርቅ ይቀነሳል። ልብስ ሰፊ ሆኜ ከስቼ በድሮው ልክ መኖር አልሆነልኝም። ደሜም ሲያገግም ጊዜ ይበልጥ የልብ ልብ ተሰማኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ፤ እኔ ሞኝም ሆኜ ወረቀትም ይዤ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ አየኝ። እብጠቱ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሯል። መድኃኒቱ አልሠራልዎትም አለኝ። ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ ወደ ከባዱ እንለውጣለን፤ ልብዎን ሊጎዳው ይችላል፣ ግን ሌላ ምርጫ የለንም አለ። ፊቱ አሳዘነኝ። እሱ የጎዳኝ መስሎት ነው የተከዘው።

ግማሹን እንደምውጥ አልነገርኩትም። አንቺም እንዳትነግሪው። የማልነግረው አፍሬ ብቻ አይደለም፤ ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቱን ግን ለወረቀት አልሰጠውም። ከነገርኩት የሚጎዳ ሰው አለ።

ከመሞት መሰንበት ነው፤ እስካሁን ሰነበትን። አትቆጪኝ።

እትዬሽ


የካቲት 20

ለውድ እትዬ፤

ይህን በፈጣን መልእክት ልኬዋለሁ። ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ፤ በልቤ አለ።

አልቆጣዎትም። የምቆጣው ራሴን ነው። በሳህን ላይ ያየሁትን በሰው ላይ እንዳየሁት አድርጌ ጻፍኩልዎት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉት እኔን ነው። አሁን ልልቀም።

ሳህኔ ጉበት የለውም። የእርስዎ ክኒን ግን ሥራ የሚጀምረው በጉበት ካለፈ በኋላ ነው፤ እኔ ሳህኑ ላይ የጨመርኩት ያለ ጉበት እንዲሠራ ተዘጋጅቶ የመጣውን ነው። ሳህኔ ልብ የለውም፣ ደም ሥር የለውም፣ ከሁሉም በላይ ያ ጡትዎ ላይ ያለው እብጠት የለውም። ትንሹ መጠን ዝም አሰኚዎቹን አባረረ፤ እውነት ነው። ዕጢውን ግን አልገደለም፤ ዕጢ እዚያ አልነበረማ። የእርስዎ ሐኪም ያንን መጠን የለካው ዕጢውን እንዲገድል ነው። ክብደትዎ ሲቀንስም የሚያስተካክለው እሱ ነው፤ ለዚህ ነው በየወሩ ሚዛን ላይ የሚያቆሙዎት። ነጭ ሕዋስዎ ያገገመው ዘቦቹ ስለነቁ አልነበረም፤ የዋጡት መድኃኒት ስላነሰ ነው።

ያልጻፍኩልዎትን ደግሞ ልጻፍ። የዕጢ ሕዋስ በአንዳንድ መድኃኒት ሲመታ ዝም ብሎ አይሞትም። ውስጡ የነበረ ነገር ወደ ውጭ ገላው ይወጣል፣ አልፎ የሚሄድ ዘብ ያየዋል፣ ሌሎቹን ይጠራል። እኔ ይህንንም አይቻለሁ፤ በዓይን ሲያዩት ያስለቅሳል። ግን መጀመሪያ መሞት አለበት። የሚሞተውም በሙሉው ነው።

ያ ክኒን በመቀስ የሚቆረጥም አይደለም። ብናኙ ራሱ ይጎዳል። መቀሱን ይጠቡት፣ ከጨርቅ መቀስ ጋር አያኑሩት።

አሁን ዋናው ነገር። ሐኪሙ መድኃኒቱ ከሸፈ ብሎ ልብዎን ወደሚጎዳው ሊሄድ ነው። መድኃኒቱ ግን በወጉ ገና አልተሞከረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ያደግሁት በእርስዎ አፍ ነው። የሚጎዳው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም ይሁን፣ እርስዎ ሞተው የሚጠቀም ሰው አይታየኝም።

ለሐኪሙ ደውዬ መናገር እችላለሁ። ገበናዎ ስለሆነ እስካሁን አልደወልኩም። ይህ በደረሰዎት ሳምንት ካልነገሩት ግን እደውላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቢቀየሙኝም ቅያሜዎን ይዤ እኖራለሁ፤ በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚቀየመው።

ጭራሮ


መጋቢት 14

ለጭራሮዬ፤

ዕድሜ ይስጥሽ። ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ፤ ስልክሽን አታንሺ።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። ሌላው ግማሽ ክኒን ለቁልፌ ነበር። ወረፋዋ ለመጋቢት ነው አላልኩሽም? እብጠቷ ከኔ ይበልጣል፣ ወራት የሚጠብቅ አልመሰለኝም። ያው በሽታ ነው፣ ያው መድኃኒት ነው፣ ትንሹም ይበቃል፤ እንግዲያው ለሁለት ይበቃል አልኩ። እኔና እሷ መቼ ነው ምሳ ለየብቻ የበላነው? በየጠዋቱ ሱቁን ስንከፍት ግማሹን በብርጭቆ ክዳን ላይ አድርጌ ከውሃ ጋር እሰጣታለሁ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትጠጣለች። «ቀለል አለሽ?» እላታለሁ። «አዎ» ትለኛለች። ለሐኪሙ ብነግረው ሙሉውን በፊቴ ይዋጡ ብሎ ያዘኛል፣ እሷም ባዶ እጇን ትቀራለች ብዬ ነው አፌን የዘጋሁት።

ፈጣኑ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ካፖርት ስተኩስ ነው። ያንቺን ደብዳቤ ሁሌም ጮክ ብዬ ስለማነብላት መርፌዋን አስቀምጣ ጠበቀች። እኔ በሆዴ አነበብኩት። ካውያውን ካፖርቱ ላይ ረስቼው ስለነበር ተነስታ አነሳችው።

የሷ ወረፋ የደረሰው በዚያው ሳምንት ነበርና አብረን ሄድን። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛን፣ ሁለት ወንበር። ሐኪሙ አዲሱን መድኃኒት ሊጽፍልኝ ሲል ያዝ አድርግ አልኩትና ሁሉንም ነገርኩት። መጠኑን፣ መቀሱን፣ ያንቺንም ደብዳቤ። አልተቆጣም። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ «ሌላውን ግማሽ ምን አደረጉት?» አለኝ።

ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። ያኔ ቁልፌ ቦርሳዋን ከፈተችና የቁልፍ ማኖሪያ ቆርቆሮዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እዚህ አለ» አለችው። «አንዱንም አልዋጥኩትም።»

ክዳኑን ሲከፍተው ግማሽ ግማሹ ክኒን በሙሉ እዚያ ተከምሯል። ቁልፌ ወደኔ ዞራ እንዲህ አለችኝ፦ «ጨርቅ ሲያጥረኝ ከራስሽ ቀንሰሽ እንደምትሰጪኝ የማላውቅ ይመስልሻል? ከራስሽ አፍ መሆኑን ገና የመጀመሪያውን ስትሰጪኝ አውቄያለሁ። እምቢ ብልሽ ትጨቀጭቂኛለሽ። ሲያልቅብሽ እመልስልሻለሁ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።»

ጭራሮ፣ ያን ጊዜ የሆነውን እንዴት እንደምጽፍልሽ አላውቅም። እኔ ለሷ ብዬ ሳልድን ከረምኩ፤ እሷ ለኔ ብላ ሳትታከም ከረመች፤ መድኃኒቱ ደግሞ ማንንም ሳያክም ቆርቆሮ ውስጥ ከረመ። መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ልጅ እግሩ ሐኪም ተነስቶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

የኔን ሙሉውን እንደገና እንጀምራለን ብሏል፤ ልቤን ወደሚጎዳው አልሄደም። ክኒኖቹን ለሌላ ሰው አይሆኑም ብሎ ወሰዳቸው፤ ቆርቆሮውን መለሰላት። እሷን በዚያው ቀን ወደ ምርመራ አስገባት። ውጤቱ ገና ነው።

ማቅለሽለሹ ተመልሷል። የዝንጅብል ከረሜላ እዚያ ይኖር እንደሆን ላኪልኝ።

እትዬሽ


ሚያዝያ 6

ለውድ እትዬ፤

ለሁለታችሁም ፈውስ ይምጣ። ከረሜላውን ልኬያለሁ፤ ግማሹ ለእትዬ ቁልፌ ነው። ያንን ማካፈል ይችላሉ።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። ሕዋሳቱን ከሣጥናቸው አውጥቼ ሳላያቸው መልሼ አስገባኋቸው። ያ ደብዳቤዬ ባይደርስ ኖሮ እርስዎ ሙሉውን ይውጡ ነበር፣ እትዬ ቁልፌም በየጠዋቱ ፊታቸውን ወደ መስኮት አያዞሩም ነበር። ይህንን ማንም ሊያስተባብልልኝ አይችልም። ከዚህ በኋላ ስለ ሥራዬ አልጽፍልዎትም። ስለ አየሩ፣ ስለ ቤቴ፣ ስለ ልብስ እጽፋለሁ።

የእትዬ ቁልፌን ውጤት ሳያድሩ ይጻፉልኝ።

ጭራሮ


ሰኔ 19

ለጭራሮዬ፤

ይህ ወረቀት ያለሽበት ቦታ ሁሉ አጽናኝ ሆኖ ይድረስሽ።

ቁልፌ ዐረፈች። በግንቦት መጨረሻ፣ ከቀትር በኋላ፣ በቤቷ። ውጤቷ ሲመጣ ጉበቷ ጋ ደርሶ ነበር። ሐኪሙን ለብቻው ይዤ ጠየቅሁት፤ በኔ ክኒን ምክንያት ዘገየች ወይ ብዬ። ሲያጠቃት የቆየው ገና ክኒን መቁረጥ ሳልጀምር ነው አለኝ። ግማሹን ብትውጠውም አያድናትም ነበር፤ ወረፋው ቢያጥር ኖሮ ጥቂት ጊዜ ሊጨምርላት ይችል ነበር አለ። ይህን የምጽፍልሽ እንድትጽናኚ ብቻ አይደለም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው። ያንቺ የጥፋት ድርሻ ያለው በኔ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ይኸው አለሁ።

የኔ እብጠት ቀንሷል። በእጅ ስፈልገው ቦታው ይጠፋብኛል። ለሐምሌ ቀዶ ጥገና ተይዞልኛል፤ እስከዚያ የመጨረሻውን ዙር ክኒን እጨርሳለሁ። ልቤ ባለበት ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱ ሠራ ብሎ እንደ ልጅ ደስ አለው።

ስለ ሥራዬ አልጽፍም ያልሽውን አልቀበልም። ቁልፌ መቀመጥ ስታቅታት አልጋዋ አጠገብ እየሄድኩ አነብላት ነበር፤ የምታስነብበኝ ያንኑ የጥቅምቱን ደብዳቤ ነው። «ነቁ ያለችው ጋ ድገሚልኝ» ትለኛለች። «ሁሉም ይሞታሉ» የሚለው ጋ ስደርስ እዘለው ነበር፤ እሷም እንደምዘለው ታውቅ ነበር። ሰው በሆዱ ውስጥ እንዲህ የሚላላክ ሠራዊት እንዳለው ሳታውቅ ዕድሜዋን መጨረሷ ይቆጫት ነበር። ስለዚህ ጻፊ። ያየሽውን በሳህን ብቻ አየሁ ብለሽ ጻፊ እንጂ አትተዪ።

ሱቁ ሰፍቶብኛል። ወንበሯን ማንም አልተቀመጠበትም። ደንበኛ ኮት ያመጣል፤ የቁልፍ ቀዳዳውን እኔው እሠራዋለሁ፤ የኔ ያስጠላል፣ ጠርዙ ይተረተራል። አይተው ከፍለው ይሄዳሉ። አውቶቡስ ሲቆም ቀና ብዬ አንድ ነገር ልላት እዞራለሁ። ናፈቀችኝ።

ጠዋት ስከፍት ክኒኑን በክዳኑ ላይ አድርጌ ከውሃ ጋር እይዘዋለሁ። ሙሉውን እውጠዋለሁ። የማካፍላት የለችም።

እትዬሽ